ተራራው ሲዘጋ ሣሩ ለማን ነው?



ስለ ላስታ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ድንጋዩ ነው። ይህም የሚያስወቅስ አይደለም። ከዐለት ተፈልፍለው የተሠሩት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የአገራችን ስም ባሕር ተሻግሮ ይጠራል። በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችንም ስለ እነርሱ ያልተጻፈበት ዓመት ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ድንጋዩ ሳይሆን በድንጋዩ መካከል ስለሚበቅለው፣ ይልቁንም መብቀል ሲገባው በብዙ ቦታ ስላልበቀለው ስለ ሣሩ አስተያየቴን ለመስጠት ነው።

«ሣር ደግሞ ምን ቁም ነገር ኖሮት ይጻፍበታል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ለዚህ ጓደኛዬ የምመልስለት እንዲህ ብዬ ነው። ሣር ከሌለ በሬ የለም፤ በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለም አንተም እኔም ከዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠን መማር አንችልም። በደጋው በግ ባይኖር ኖሮ አባቶቻችን በውርጭ ሌሊት የሚደርቡትን ባና ከየት ያገኙት ነበር? የጥንቶቹ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶቻችንስ ክዳናቸው ምን ነበር? ሣር አይደለምን? አክርማ ባይኖር ሞሰቡና ሰፌዱ በምን ይሰፋ ነበር? እንግዲህ ሣር የኑሯችን መሠረት መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የቤታችንን ውስጥ መመልከት ይበቃል።

ደግሞም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ያየነው ነገር ይህን አሳብ ያጠነክረዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ የውጭ አገር እንግዳ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ እስከ ከተማችን ደረሰ። በእንግዳ ይተዳደር የነበረው ቤተ ሰብ ሁሉ ወደ ዘመዶቹ መንደር ፊቱን መለሰ። ያን ጊዜ መሬቱ ምን ያህል እንደ ተራቆተ ያላስተዋለ ሰው አስተዋለ። እንግዳ ይመጣል፣ ይቀራል፤ መሬት ግን ከእኛው ጋር ይኖራል።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። አስተያየቴ ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ ሳይሆን ከደረሰብኝ ነገር የመነጨ ስለ ሆነ አንባቢ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

እኔ የተወለድሁት ከከተማው ራቅ ብላ ባለች መንደር ሲሆን ያሳደገችኝ አያቴ ናት። እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ ከትምህርት መልስ ሥራዬ ፍየል መጠበቅ ነበር። የነበሩን 9 ፍየሎችና 1 ላም ናቸው። የምናሰማራቸው ከመንደሩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነበር። ተዳፋቱ ግን ስሙ ግጦሽ ተባለ እንጂ የሚጋጥ ነገር አልነበረበትም። ከብቶቹ በጥርሳቸው የሚያገኙት ከሰርዶ ሥር ጋር የተቀላቀለ አፈር ነበር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቀይ ጎርፍ እየወረደ ከታች ያለውን የጤፍ ማሳ ይሸረሽር ነበር።

አንድ ቀን ስብሰባ ተጠርቶ ተራራው እንዲከለል፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም ከብት እንዳይገባበት ተወሰነ። ሽማግሌዎቹ በጉዳዩ ተስማሙ። ጎርፉ ማሳቸውን እየወሰደባቸው ነበርና አልፈርድባቸውም። አያቴ ግን ተነሥታ፣ «ተራራው ይዳን ማለታችሁ ደግ ነው። እስኪድን ድረስ ፍየሎቼ ምን ይብሉ?» ብላ ጠየቀች። አንዳንዱ ሣቀ፤ አንዳንዱም ዝም አለ። መልስ የሰጣት ሰው ግን አልነበረም።

እውነቱን ልናገርና ከዚያ በኋላ ሌሊት እየተነሣሁ ፍየሎቹን ወደ ተከለለው ቦታ አስገባ ነበር። አያቴ አላዘዘችኝም፤ ያዘዘኝ የፍየሎቹ ጩኸት ነው። በ3ኛው ሌሊት ዘብ ያዘኝ። መቀጮውን ለመክፈል አንዲት ፍየል ተሸጠች። ዓመቱ ሳያልቅ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተሸጡና 2 ብቻ ቀሩ። ለደብተርና ለልብስ የምትሸጥልኝ ፍየል ስላልነበረች ትምህርቴን ላቋርጥ ተቃርቤ ሳለሁ አጎቴ ደረሰልኝ። በዚያን ጊዜ የመከለልን ነገር እንደ እኔ የጠላ ሰው በመንደሩ ውስጥ አልነበረም።

ነገር ግን 3 ክረምት ካለፈ በኋላ ያየሁትን ዐይኔ እንዴት ይካዳል? በተዳፋቱ ላይ ሰንበሌጡ እስከ ወገቤ ደረሰ። ክትክታው ማንም ሳይተክለው በቀለ። ከሥሩ ያለችው ምንጭ ቀድሞ በታኅሣሥ ትደርቅ የነበረችው እስከ የካቲት መፍሰስ ጀመረች። የጎርፉም ቀይነት ቀነሰ። እኔም በልቤ፣ «ተሳስቻለሁ፤ መከለሉስ ደግ ነገር ነው» አልሁ። እስከ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጥቅምት በደረሰ ጊዜ የተራራው ሣር በጨረታ ተሸጠ። የገዙት ብዙ በሬ ያላቸው አንድ ሰውና ድርቆሽ እያስጫነ ወደ ከተማ የሚወስድ አንድ ነጋዴ ናቸው። አያቴ ለመጫረት ገንዘብ ከየት ታመጣለች? ፍየሎቿን የሸጠችላት፣ የልጅ ልጇ የተቀጣባት ያች ተዳፋት ያበቀለችውን ሣር ለአንዲት ላሟ በዱቤ ገዛች። የጽሑፌም ቁም ነገር ይህ ነው። ተራራውን መዝጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ተራራው ሲዘጋ ግጦሹን ያጣው ሰው ተራራው ሲድን ሣሩን የሚያገኝበት ሥርዐት አብሮ ካልተሠራ፣ ሥራው ፍትሕ የጎደለው ከመሆኑም በላይ አይዘልቅም። ዛሬ በጠባቂ የተከለለ ቦታ ነገ በሌሊት ይጋጣል። ይህን የምናገረው ራሴ የሌሊት አስጋጭ ስለ ነበርሁ ነው።

እስቲ ደግሞ መሬቱ እንዴት ለዚህ እንደ በቃ እንመልከት። ላስታ እጅግ ጥንታዊ የእርሻ አገር ነው። ብዙ ትውልድ አርሶበታል፤ ብዙ ከብት ግጦበታል። የሕዝቡ ቁጥር እየበዛ በሄደ መጠን ሜዳው አልበቃ ስላለ እርሻው ወደ ተዳፋቱ ወጣ። ለከብት የቀረው ለሞፈር የማይመቸው ገደላ ገደሉ ብቻ ሆነ። እንጨቱ ስላለቀ ኩበቱ ለማገዶ ይነዳል፤ ኩበት ሲነድም መሬቱ ማዳበሪያውን ያጣል። ስለዚህ ያነሰው ግጦሽ የበዛውን ከብት እንዲመግብ ተገደደ።

ሣር ያለማቋረጥ ሲጋጥ ምን ይሆናል? ቅጠሉ ምግብ የሚሠራበት ወጥ ቤቱ ነው። ቅጠሉ ገና ብቅ ሲል ከተጋጠ ሥሩ ይራባል፤ ሥሩ ከተራበም ይሞታል። ሥሩ ሲሞት አፈሩን የሚይዝ ነገር ይጠፋል። በከብት ኮቴ የተረገጠውም መሬት እንደ አውድማ ስለሚጠነክር የዝናቡ ውሃ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላይ በላዩ ይሮጣል። የሚሮጥ ውሃ አፈር ይዞ ይሄዳል፤ ያልሰረገ ውሃም ምንጭ አይሆንም። እንግዲህ ሰዎች «ዝናቡ ጠፋ» ሲሉ ከፊሉ እውነት ነው፤ በተለይ የበልጉ ዝናብ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ከፊሉ ግን ዝናቡ መጥቶ ሳለ እኛ ማደሪያ አሳጥተን የሰደድነው ነው።

የሄደው አፈርስ የት ይደርሳል? የተከዜ ወንዝ ከዚህ ከላስታ ተራሮች ይመነጫል። ከዚያም ቈላውን አቋርጦ ወደ ሱዳን ሲገባ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል፤ በመጨረሻም ዐባይን ይገናኛል። በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በዚሁ ወንዝ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከአያቴ መንደር በላይ ካለው ተዳፋት የሚሸረሸረው አፈር የእኛ ጉዳት ብቻ አይደለም። ዛሬ ሣር ያጣነው እኛ ብንሆንም ነገ በደለሉ ምክንያት መብራት የሚያጣው ሌላ ነው።

የከብት መጥፋት ምን እንደሚያመጣ ታሪካችን አስተምሮናል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በቆየው በ«ክፉ ቀን» ጊዜ የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ስለ ፈጀው የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ሕዝብ አለቀ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኀብ ደግሞ አያቶቻችንና ወላጆቻችን በዐይናቸው አይተውታል። በእነዚያ ዘመናት ከሰው አስቀድሞ የወደቀው ከብቱ ነው። ሣር የተራቡ በሬዎች ሲሞቱ ዝናብ ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት የለም። ስለዚህ የግጦሽ መሬትን መጠበቅ ማለት የሚመጣውን ክፉ ቀን መከላከል ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚል ሰው ምሳሌው ከደጃችን አለ። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሄደ ሁሉ በዋሻው ዙሪያ ያለውን የጽድ ደን አይቷል። በአካባቢው ያለው ተራራ ተራቁቶ ሳለ ያ ቦታ ለምን ለመለመ? አፈሩ የተለየ ስለ ሆነ አይደለም። ሕዝቡ «የእኛ ነው፤ አይነካም» ብሎ በአንድ ልብ ስለ ጠበቀው ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው አናቱ የወጣ ሰው ጓሳውንና ጅባራውን፣ ጭላዳውንም ያያል፤ ዕድለኛ ከሆነ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ያጋጥመዋል። በዚያም ቦታ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ የሚጠብቀው ክልል ተመሥርቷል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የመንዝ ጓሳ ነው። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ የሚገኘውን የጓሳ ሜዳ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዐት ሲጠብቀው ኖሯል። ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ባለ መብቶቹ ሁሉ በተቀጠረው ቀን ገብተው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለሌላም የሚሆነውን ያጭዳሉ፤ ከብታቸውንም ያሰማራሉ። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ የቀድሞው የርስት ሥርዐት ስለ ቀረ ቀሮውም አብሮ ፈረሰና ጓሳው ተጎዳ። ኋላም ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ በኮሚቴ አደራጅቶ ስላቆመው እስከ ዘመናችን ደርሷል። ልብ በሉ! ጓሳውን ይጠብቅ የነበረው ሰውና ጓሳውን ያጭድ የነበረው ሰው አንድ ነበር። የሥርዐቱ ምስጢር በዚህ ላይ ነው።

እርግጥ የቀሮው ሥርዐት ያለ እንከን አልነበረም። መብቱ በትውልድ ሐረግ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር ከውጭ የመጣና መሬት የሌለው ሰው ይቀርበት ነበር። ስለዚህ የድሮውን እንዳለ እንመልሰው ማለቴ አይደለም። ከድሮው የምንወስደው መዝጋትና ማካፈል የማይለያዩ መሆናቸውን ነው።

ይህን የሚያውቁ የእኛ ደገኞች ብቻ አይደሉም። በደቡብ ያሉት የቦረና አርብቶ አደሮች ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች በበጋ እንዲቆይ የሚከልሉት «ካሎ» የሚባል የግጦሽ ቦታ አላቸው። በታንዛንያ በሺንያንጋ አውራጃም የሱኩማ ሕዝብ በክረምት ዘግቶ በበጋ የሚከፍተው «ንጊቲሊ» የሚባል የግጦሽ ቦታ ነበረው። ሕዝቡ በአዳዲስ መንደሮች እንዲሰፍር በተደረገ ጊዜ ልማዱ ተበላሽቶ አገሩ ወደ በረሃነት ተቃረበ። በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ያንኑ የጥንት ልማድ እንዲያንሠራራ ማገዝ በጀመረ ጊዜ የተረፈው ከ600 ሄክታር ብዙም የማይበልጥ ነበር ይባላል። 20 ዓመት ሳይሞላ ግን ከ300,000 ሄክታር በላይ መሬት ዳነ። ይህ ሁሉ የሆነው ሕዝቡ የሚያውቀውን ሥርዐት ስላስከበሩለትና ጥቅሙ ለራሱ ስለ ተመለሰለት ነው።

በዓለም ዙሪያም ስለ ግጦሽ መሬት የሚሰጠው ግምት ከፍ እያለ መጥቷል። ከምድር የብስ ከግማሽ የሚበልጠው የግጦሽ መሬት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በሞንጎሊያ መንግሥት አሳሳቢነት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 2026ን የግጦሽ መሬትና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎ ሰይሞታል። እኛ የላስታ ሰዎች እንደ ቦረናና እንደ አፋር አርብቶ አደሮች አይደለንም፤ አራሾች ነን። ነገር ግን ያለ ከብት የሚያርስ የለምና ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

በአገራችን ሥራው አልተጀመረም ማለት ግን በደል ይሆናል። ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወዲህ በወሎ ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ ብዙ ተራራም ተከልሏል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም ሴፍቲኔት በሚባለው ፕሮግራም ብዙ ቤተ ሰብ በበጋ እርከን እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ ተቀብሏል። ወላጆቻችን ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት እርከን ከሩቅ ሲታይ ያስደንቃል። የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ የጎደለው የውጤቱ ድልድል ነው።

አሁን ደግሞ የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚሉትን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። አንዳንዶች፣ «ጨረታ ንጹሕ ነገር ነው። ገቢውም ለሕዝብ ሥራ ይውላል። ሣሩ ለሁሉ ቢከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ አንዳንድ ሸክም ብቻ ይደርሰዋል» ይላሉ። እኔ የምለው፣ ጨረታ ንጹሕ የሚሆነው ተጫራቾቹ እኩል ሲሆኑ ነው። ገንዘብ ያለውና የሌለው በአንድ ጨረታ ቢቀርቡ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንድ ሸክም ሣርም ብዙ ላለው ጥቂት ይመስለዋል፤ አንዲት ላም ላላት አሮጊት ግን ላሚቱ የምትተርፍበትና የምትሞትበት ልዩነት ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ «ጥፋተኛዋ ፍየል ናት፤ ፍየል ከጠፋች ተራራው ይድናል» ይላሉ። ፍየል ቀንበጥ እንደምትቀነጥስ አልክድም፤ እኔው ጠብቄያታለሁ። ነገር ግን ፍየል የድኻ የገንዘብ ሣጥን ናት። በሬ መግዛት የማይችል ሰው ፍየል ይገዛል፤ ሰው ሲታመም ይሸጣታል፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባም ይሸጣታል። ጥፋቱ የፍየሏ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ መሬቱን ያለ ዕረፍት ማስጋጣችን ነው። «በሬ ሣሩን እንጂ ገደሉን አያይም» ይባላል። ገደሉን ማየት የሰው ፈንታ ነው።

እንግዲህ መፍትሔ ይሆናል ብዬ የማስበውን ባጭሩ ልዘርዝር።

1ኛ፤ አንድ ተዳፋት ከመከለሉ በፊት በዚያ ቦታ ከብት ያሰማራ የነበረው ቤተ ሰብ ሁሉ ይመዝገብ። ሣሩ ሲደርስ ለእነዚህ ቤተ ሰቦች በእኩል ይደልደል። ድልድሉ በከብት ቁጥር አይሁን፤ በከብት ቁጥር ከሆነ ብዙ ያለው ብዙ ይወስዳልና። ከብት የሌለው ሰው ድርሻውን ሸጦ ይጠቀም። ለጨረታ የሚቀርበው ከድልድል የተረፈው ብቻ ይሁን።

2ኛ፤ ተራራው ሁሉ በአንድ ቀን አይዘጋ። አንዱ ክፍል ተዘግቶ ሣር ማብቀል ሲጀምርና ሕዝቡ እያጨደ መውሰድ ሲችል ያን ጊዜ ሌላው ክፍል ይዘጋ። እንዲህ ከሆነ አያቴ ላነሣችው ጥያቄ መልስ ተገኘ ማለት ነው።

3ኛ፤ ሣሩ በጊዜው ይታጨድ። ብዙ ጊዜ ስብሰባና ጨረታ ሲጠበቅ ሣሩ ደርቆ እንደ ገለባ ይሆናል። ሣር ለከብት የሚጠቅመው ማበብ በጀመረበት ወራት ሲታጨድ ነው። በየክፍሉም ለዘር የሚሆን ጥቂት ቦታ ሳይታጨድ ይቅር። የሚታጨደውም በማጭድ እንጂ ከነሥሩ እየተነቀለ አይሁን።

4ኛ፤ ዘቡን የሚመርጡት ሣሩን የሚካፈሉት ሰዎች ይሁኑ። የመቀጮውም ገንዘብ፣ የሣሩም ድርሻ በመዝገብ ተጽፎ በሕዝብ ፊት ይነበብ።

5ኛ፤ በበኩላችንም ከብት ማብዛትን እንደ ክብር መቈጠር እንተው። 4 የከሱ ላሞች ካላቸው ይልቅ 2 የጠገቡ ላሞች ያሉት ሰው የበለጠ ወተት ያገኛል። ከብቱን በደጅ አስሮ የታጨደ ሣር ማብላትን እንልመድ።

ይህ ከሆነ ጥቅሙ ለከብት ብቻ አይደለም። ተራራው አበባ ሲያበቅል ንብ ይመጣል። የከተማችን መጠሪያ የሆነው ንጉሥ በተወለደ ጊዜ ንብ ከበበው፣ ስሙም ከዚያ የተነሣ ወጣለት ተብሎ ይተረካል። የንብ ስም ባለው አገር ንብ የምትቀስመው አበባ ቢጠፋ ያሳፍራል። ሥራ ያጡ ወጣቶች በተከለለው ቦታ ቀፎ ቢሰቅሉ ማሩም ይገኛል፤ የሚጠብቀውም ይበዛል።

ከእንግዲህ ወዲያ ቃሌን ወደ እናንተ ወደ ተማሪ ጓደኞቼ እመልሳለሁ። እኛ ምን እናድርግ? ችግኝ ተክሎ ፎቶግራፍ መነሣት ብቻ በቂ አይደለም። ከወላጆቻችን የበለጠ አንድ ነገር አለን፤ ይኸውም ጽሕፈትና ሒሳብ ነው። በየመንደራችን የድርሻውን መዝገብ በትክክል የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ይህን በነጻ እንሥራ። የትምህርት ቤታችንም የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ከተከለለው ቦታ ውስጥ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ካልተከለለውም እንዲሁ 1 ሜትር በ1 ሜትር ለክቶ በየዓመቱ በጥቅምት ሣሩን አጭዶ በሚዛን ይመዝን። ውጤቱ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ በዚህም መጽሔት ይውጣ። ያን ጊዜ ክርክሩ በስሜት ሳይሆን በቁጥር ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ሁሉ ትንሿ ሥራ ትልቅ ትሆናለች።

መምህራኖቻችንን የምለምነው ይህን ሥራ እንዲመሩልን ነው። ወላጆቻችንን ደግሞ የምለምነው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተራራ ይዘጋ የሚል አሳብ ሲቀርብ ከማጨብጨባቸው በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ ነው። ጥያቄውም «ሣሩ ለማን ነው?» የሚል ይሁን።

እኔ አሁን በከተማው ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ዐርብ ዐርብ ስንቅ ለማምጣት ወደ መንደሬ ስወጣ በዚያ ተዳፋት ሥር አልፋለሁ። ሣሩ በነፋስ ሲወዛወዝ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ወዲያውም አዝናለሁ። አያቴ ከደጃፉ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ፊቷ ወደ ተራራው ነው። ባለፈው ጊዜ፣ «ተራራው አማረበት አይደለም?» አልኋት። «አማረበት ልጄ፤» አለችኝ፤ «እኛንም ያስታውሰን እንደ ሆነ እንጃ» አለችኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ተራራ ሰውን ለማስታወስ ልብ የለውም። የሚያስታውሰው ሥርዐት የሚሠራው ሰው ነው። ሥርዐቱን ዛሬ በሚገባ ከሠራነው ነገ እርከኑን የሚያፈርስ፣ በሌሊትም ፍየል የሚያስገባ ልጅ አይኖርም፤ ልጁ የሚያስገባበት ምክንያት አይኖረውምና።